የፊት በር ስፒከሮቼን ስቀይር የጠፋብኝ ባስ

አዲሶቹን ስፒከሮች ገጥሜ፣ የሁለቱን የፊት በሮች ልባስ መልሼ አስሬ፣ ለዓመታት በቃሌ የማውቀውን አንድ ዘፈን በከፈትኩ ጊዜ ግራ ተጋባሁ። የድምፃዊቷ ድምፅ ከቀድሞው ይልቅ ጠርቶና ቀርቦ ይሰማል፤ በአሮጌዎቹ ስፒከሮች ፈጽሞ የማላስተውላቸው የጊታር ክር ንዝረቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። ከበሮው ግን ባዶ ቆርቆሮ የሚመቱ ያህል ቀሎ ነበር፤ የባስ ጊታሩማ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ሙሉ ቅዳሜዬን የወሰደው፣ ሁለት ክሊፖች የሰበርኩበትና አንድ ጣቴን በላሜራ ጠርዝ የቆረጥኩበት ሥራ ውጤቱ ይህ መሆኑን መቀበል ስላቃተኝ፣ ከመኪናው ሳልወርድ የባሱን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ አድርጌ ሞከርኩ። ጩኸቱ ጨመረ እንጂ ባሱ አልመጣም።

ጥፋቱ የስፒከሮቹ እንዳልነበረ የገባኝ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ከግዢው በፊት የሣጥን ላይ ቁጥሮችን ሳወዳድር ሳምንታት አሳልፌአለሁ፤ ስፒከሩ ስለሚቀመጥበት በር ግን አንድ ምሽት እንኳ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። ቁጥሮቹን ማየቴ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ምርጫዬን ዛሬም አልጸጸትበትም። ስለዚህ በመጀመሪያ እንዴት እንደመረጥኩ፣ ከዚያም የጠፋውን ባስ የት እንዳገኘሁት በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ምርጫዬን የጀመርኩት ስፒከሩን የሚነዳውን ቴፕ በማየት ነበር። ቴፑ ፊቱ ላይ «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ይህን ያነበበ ሰው ለእያንዳንዱ ስፒከር 50 ዋት ይደርሰዋል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው፤ በተራ ቴፕ ውስጥ ያለው ማጉያ ደግሞ ይህን ቮልቴጅ የሚያሳድግ ክፍል ስለሌለው፣ የሚያወጣው የሞገድ ጫፍ ከ14.4 ቮልት ሊበልጥ አይችልም። ይህ በውጤታማ እሴቱ፣ ማለትም ኃይል በሚሰላበት አማካይ መጠን፣ 10.2 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ 4 ኦም ባለው ስፒከር ላይ (ኦም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መለኪያ ነው) ሲያርፍም 26 ዋት አካባቢ ይሰጣል። ይህም ምንም ብክነት የሌለበት ማጉያ በዓለም ላይ ቢኖር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ብቻውን በ12 ቮልት ሲያጫውት ደግሞ ያው ስሌት ወደ 18 ዋት ይወርዳል። የተጻፈው 50 ዋት ሞገዱ ተቆራርጦና ተዛብቶ ለቅጽበት የሚደረስበት ጣሪያ ነው፤ ጆሮ ሊሰማው የሚፈልገው ግን ንጹሕ የሆነውን ብቻ ነው።

ከቴፑ የተለየ አምፕሊፋየር (ማጉያ) የመግጠም ሐሳብ ስላልነበረኝ፣ በእጄ ያለው አቅም ለአንድ ስፒከር ከ20 ዋት ያነሰ መሆኑን ከተረዳሁ በኋላ በሣጥኖቹ ላይ በትልልቅ ፊደል የታተሙትን 250 እና 300 ዋት የሚሉ ቁጥሮች መመልከት አቆምኩ። እነዚያ ቁጥሮች ስፒከሩ ለቅጽበት ምን ያህል ኃይል ሊሸከም እንደሚችል ይናገራሉ እንጂ ምን ያህል እንደሚጮህ አይናገሩም። የሚጠቅመኝ ቁጥር በሣጥኑ ጀርባ፣ ብዙ ጊዜም በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ሴንሲቲቪቲ ነበር፤ ይኸውም ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚገልጸው ነው። እያንዳንዱ የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ኃይልን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር ስለሚተካከል፣ 93 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ20 ዋት የሚደርስበትን ድምፅ 87 ዴሲቤል የሆነው ሊደርስበት የሚችለው 80 ዋት ሲያገኝ ነው። ከቴፕ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ሁሉንም ነገር ይወስናል። ውድና ከባድ ማግኔት ያላቸው፣ ለትልቅ አምፕሊፋየር የተሠሩ ስፒከሮች በቴፕ ሲነዱ ከርካሾቹ ያነሰ ድምፅ እያወጡ የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ቁጥር ላይም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አምራቾች ሴንሲቲቪቲን የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ በትክክል 1 ዋት ይሆናል፤ በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት፣ በ2 ኦም ላይ ደግሞ 4 ዋት ስለሚሆን፣ ስፒከሩ ምንም ሳይሻሻል ቁጥሩ በ3 ወይም በ6 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለት ስፒከሮችን ሳወዳድር አንደኛው በዋት፣ ሁለተኛው በቮልት ተለክቶ ስላገኘሁት፣ ብልጫ አለው ብዬ ልገዛው የነበረው በስሌት ሲስተካከል ከሌላው አንሶ ተገኘ።

ስለ ኦም ከተነሳ፣ የፋብሪካው ስፒከር ስንት ኦም እንደሆነ ሳያረጋግጡ መግዛት አይመከርም። ብዙ ቴፖች ከ4 ኦም በታች እንዲነዱ አልተሠሩም፤ 2 ኦም ያለው ስፒከር ከ4 ኦሙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ማጉያውን ሊያግለውና ራሱን እንዲያጠፋ ሊያስገድደው ይችላል። በሌላ በኩል ከፋብሪካ የተለየ አምፕሊፋየር ያላቸው አንዳንድ መኪኖች 2 ኦም ስፒከር ይዘው ስለሚመጡ፣ በእነዚያ ላይ 4 ኦም የገጠመ ሰው የሚያገኘው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። የእኔን በቴስተር ስለካው 3.4 ኦም አነበበ፤ ቴስተር የሚለካው የጥቅልሉን ሽቦ ብቻ ስለሆነና ይህም ከተጻፈው ኦም ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ ስፒከሩ ባለ 4 ኦም መሆኑን አወቅሁ።

ቀጥሎ የመጣው የመጠን ጉዳይ ነው። በሮቼ ባለ 6.5 ኢንች ስፒከር እንደሚይዙ አውቅ ነበር፤ ይህም በሚሊሜትር 165 ገደማ ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የስፒከሩን ጠቅላላ ስፋት በግርድፉ የሚጠራ ስም እንጂ የቀዳዳውን ስፋት፣ የብሎኖቹን ርቀት ወይም ጥልቀቱን አይነግርም፤ እነዚህ ሁሉ ከአምራች አምራች ይለያያሉ። ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ጥልቀቱ ነው፤ ከስፒከሩ ጀርባ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የበሩ መስኮት ወርዶ የሚቀመጥበት ቦታ አለና። ይህን አውቄ ለክቻለሁ፤ የለካሁት ግን መስኮቱን ግማሽ ድረስ ብቻ አውርጄ ነበር። አዲሱን ስፒከር በብሎን ከያዝኩ በኋላ መስኮቱን እስከ ታች ሳወርደው፣ መጨረሻው ላይ አጭር የመፋተግ ድምፅ ሰማሁና እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። ስፒከሩን አውጥቼ ሳየው የማግኔቱ የጎማ ሽፋን በአንድ በኩል በቀጭኑ ተልጧል። የመስኮቱ ሞተር ትንሽ ጠንከር ብሎ ቢገፋ ኖሮ መስታወቱ በእጄ ላይ ይፈርስ ነበር። መስታወቱ ሲወርድ ቀጥ ብሎ እንደማይወርድ፣ ከታች ወደ ውስጥ እንደሚጠጋም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መፍትሔው ስፒከሩን ወደ ካቢኑ የሚያቀርብ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ከኋላው ማስገባት ነበር፤ ይህ ደግሞ በበኩሉ ኮኑ፣ የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት፣ ሲንቀሳቀስ የልባሱን ወንፊት እንዳይነካ ሌላ ልኬት አስፈለገው። ልጆች ቅርጽ እየሠሩ የሚጫወቱበትን ዓይነት ለስላሳ ሊጥ ወንፊቱ ጀርባ ላይ ለጥፎ ልባሱን መግጠምና መልሶ አውጥቶ ሊጡ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ ማየት ከማንኛውም ማስመሪያ የተሻለ መለኪያ ሆኖልኛል።

ኮአክሲያል ወይስ ኮምፖነንት የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር ይነሳበታል፤ እኔ ግን መልሱን መኪናው ራሱ ይሰጣል ባይ ነኝ። በኮአክሲያል ስፒከር ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ከፍተኛ ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ በትልቁ ኮን መሐል ተተክሎ ይመጣል፤ በኮምፖነንት ግን ትዊተሩ ለብቻው ስለሆነ ከፍ ባለ ቦታ ሊተከል ይችላል። ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) ሞገድ ርዝመት ወደ 3.4 ሜትር፣ የ10,000 ሄርዝ ሞገድ ደግሞ 3.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ረጅሙ ሞገድ በእግርና በመቀመጫ ዙሪያ ተጠማዝዞ ያልፋል፤ አጭሩ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የገጠመው ነገር ያግደዋል። በበሩ የታችኛው ክፍል ያለ ትዊተር የሚያዜመው ለባለቤቱ ጉልበትና ለሱሪው ነው። የእኔ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በስፖኪዮው ጥግ ባለው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽ ትዊተር ስለነበረው፣ ቦታው ተዘጋጅቶ እያለ ኮአክሲያል መግዛት ትርጉም አልነበረውም። ስፒከሩ ክሩስኮቱ ላይ ወደ መስታወቱ የሚያይበት መኪና ያለው ሰው ግን በጥሩ ኮአክሲያል ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ፣ የፋብሪካውን ትዊተር ትቶ በበሩ ላይ ኮአክሲያል መጨመር ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ይመስለኛል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ስለሚሆኑ፣ አንዱን ከፍተኛ ድምፅ ሁለት ትዊተሮች ከሁለት ቦታ ያወጡታል፤ የሚሰማውም የሚወጋና ምንጩ የማይለይ ድምፅ ነው።

ኮምፖነንት ሲገዛ ክሮስኦቨር የሚባለው ትንሽ ሣጥን አብሮ ይመጣል፤ ሥራውም ዝቅተኛውን ድምፅ ወደ ትልቁ ስፒከር፣ ወደ ዉፈሩ፣ ከፍተኛውን ወደ ትዊተሩ መለየት ነው። የፋብሪካው ትዊተር ግን ይህን ሥራ የሚሠራለት ከጀርባው የተበየደ አንድ ካፓሲተር፣ ማለትም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያግድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ብቻ ነው። የእኔ ላይ 4.7 ማይክሮፋራድ የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ይህ ከ4 ኦም ትዊተር ጋር ሲሆን ከ8,500 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን እየቀነሰ ያሳልፋል። አሮጌው ትዊተር ለምን ሹክሹክታ ብቻ እንደሚያሰማ የገባኝ ይህን ካሰላሁ በኋላ ነው። አዲሱን ትዊተር ያለ ካፓሲተር ወይም ያለ ክሮስኦቨር በቀጥታ ማገናኘት ግን አይሞከርም፤ እንደ ፀጉር የቀጠነው ጥቅልል ባሱን መሸከም ስለማይችል ወዲያውኑ ይቃጠላል።

ኮኑ ከምን ተሠራ የሚለው ነገር ብዙ እንቅልፍ አልነሳኝም። ወረቀት ቀላልና ንዝረቱን ቶሎ የሚያበርድ ቁስ ስለሆነ፣ የፋብሪካ ስፒከሮች ወረቀት ስለሆኑ ብቻ መናቅ የለባቸውም፤ ድክመታቸው ብዙውን ጊዜ በትንሹ ማግኔታቸውና በሚላወሰው የፕላስቲክ ቀፎአቸው ላይ ነው። የዳሩ ጎማ ግን እውነተኛ ጎማ መሆኑን አይቻለሁ፤ ስፖንጅ የሆነው በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራልና። ለትዊተሩ ሐር መረጥኩ፤ በጠባብ ካቢን ውስጥ፣ በመስታወት ተከቦ፣ የብረት ትዊተር ጆሮዬን ያደክመኛል።

ወደ ሥራው ስገባ በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ ጥቂት ደቂቃዎች ጠበቅሁ፤ የኤርባግ ሥርዓቱ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ነው። የበሩን ልባስ የያዙት ብሎኖች በግልጽ አይታዩም፤ አንዱ ከእጀታው ኩባያ ሥር በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ፣ ሌላው ከመክፈቻው ጀርባ ተደብቆ ነበር። ሁሉም ከወጡ በኋላ ልባሱን የሚይዙት በዳሩ ዙሪያ የተሰለፉት ክሊፖች ብቻ ናቸው፤ እነዚህም ከታችኛው ጥግ ጀምሮ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ወደ ራስ ቀጥ አድርጎ በመሳብ ይለቃሉ። እኔ በካቻቪቴ ስለጀመርኩ ሁለቱን ሰበርኳቸው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት መሥራቴም አልረዳኝም፣ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራልና። ልባሱ ሲላቀቅ ወዲያው ጎትቶ ማራቅ አይገባም፤ የመስኮቱ ቁልፍ ሽቦና የመክፈቻው ገመድ ገና እንደተያያዙ ናቸው። ከስፖኪዮው ጥግ ወደ ላይ ያለው ምሰሶ ሽፋንም በብዙ መኪኖች የመጋረጃ ኤርባግ ስለሚይዝ፣ እዚያ ላይ ትዊተር በብሎን መትከል በጭራሽ የማላደርገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጠፋው ባስ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ታናሽ እህቴን ይዤ ስሄድ ያንኑ ዘፈን ከፈትኩላትና ምን እንደሚመስላት ጠየቅኋት። ትንሽ አዳመጠችና ዞር ብላ የኋላውን ወንበር አየች። «ወንድምዬ፣ ዘፋኟ የት ናት? አንዴ ከጀርባዬ፣ አንዴ ከጆሮዬ ውስጥ ነው የምትዘፍነው» አለችኝ። እኔ ባሱን ብቻ ስከታተል ያላስተዋልኩትን ነገር ነበር የተናገረችው። መኪናውን አቁሜ ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሳዞረው፣ አንድ ስፒከር ብቻ እየሠራ ሳለ የባስ ጊታሩ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ አለ። ወደ ቀኝም ሳዞረው እንደዚያው ሆነ። መሐል ላይ ስመልሰው ግን ጠፋ። ሁለት ስፒከሮች አንድ ላይ ሆነው ከአንዱ ያነሰ ባስ የሚሰጡበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ አንዱ ኮን ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ እየሳበ ነበር።

በማግስቱ የቀኙን በር ስፈታ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በግራ በር ላይ የፖዘቲቩን ሽቦ ቀለም ለይቼ ካወቅሁ በኋላ፣ በቀኝ በር ያለውም ያው ነው ብዬ ገምቼ አገናኝቼው ነበር፤ የመኪናው አምራች ግን ለእያንዳንዱ በር የተለያየ የቀለም ጥንድ ተጠቅሟል። በትዊተሩ ላይ ይህ ስህተት የዘፋኟን ቦታ ያምታታል፤ በባሱ ላይ ግን፣ በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ርቀት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ስለሆነ፣ አንዱ የገፋውን አየር ሌላው ይስበውና ሁለቱ ይጣፋሉ። ይህን ለማጣራት ባለ 1.5 ቮልት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይበቃል፤ በዉፈሩ ጫፎች ላይ ለቅጽበት ሲነካ፣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ከሆነ ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ስፒከሩን ካሰሩ በኋላም ከቴፑ ጀርባ ባሉት ሽቦዎች ላይ እንዲሁ ማድረግ ስለሚቻል፣ ማንኛውንም የቀለም ሰንጠረዥ ማመን አያስፈልግም። ትዊተሩን ግን በዚህ መንገድ አልፈትነውም፤ ስሱ ነውና።

ሽቦዎቹን ቀይሬ በስታኞ ከመበየድ ይልቅ በፒንሳ በሚጨመቅ ማያያዣ አሰርኳቸው፤ በሩ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ እየተከፈተ በኃይል ሲዘጋ፣ በስታኞ የደረቀው የሽቦ ክፍል ከሚተጣጠፈው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሊሰበር ይችላል። ዘፈኑን ስከፍት ባሱ ተመልሶ ነበር። ነገር ግን የተመለሰው እንደ ላላ ከበሮ ነው፤ አለ፣ ይሁን እንጂ አይመታም፣ ከአንዳንድ ኖታዎች ጋርም በሩ ራሱ አብሮ ያጉረመርማል።

እዚህ ላይ ነው በሩን ራሱን መመልከት የጀመርኩት። የዛሬውን ስፒከር አሠራር፣ በማግኔት መሐል የሚንቀሳቀስ ጥቅልል ኮን የሚገፋበትን፣ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ካቀረቡት ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ ችግሩም እንዲሁ። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከጀርባው ያለውን አየር ይስባል፤ የፊቱና የጀርባው ሞገድ የሚገናኙበት ቀዳዳ ካገኙ፣ በተለይ በዝቅተኛው ድምፅ፣ እርስ በእርሳቸው ይጠፋፋሉ። በቤት ውስጥ ያለ ስፒከር ይህን የሚከላከልለት የእንጨት ሣጥን አለው። በመኪና ውስጥ ሣጥኑ በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ለባስ ተብሎ አልተሠራም። የውስጠኛው ላሜራ እጅ በሚያስገቡ ትልልቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ የፋብሪካው መሐንዲሶችም እነዚህን የሸፈኑት እርጥበት እንዳያልፍ በቀጭን ላስቲክ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ባለ 12 ሚሊሜትሩን ቀለበት ያለ አንዳች ማሸጊያ በብሎን ብቻ ስለያዝኩት፣ በዙሪያው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ከክፍተቱ አጠገብ መዳፌን ሳስጠጋ ባሱ በመታ ቁጥር ትንፋሽ የመሰለ ነፋስ ይነካኝ ነበር። ከበሮው ወደ ካቢኑ መምጣት ሲገባው፣ በዚያች ስንጥቅ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ቀለበቱን ከላሜራው ጋር፣ ስፒከሩንም ከቀለበቱ ጋር የሚያገናኘውን ፊት ሁሉ በሚጨመቅ የስፖንጅ ጥብጣብ አሸግሁ። ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፤ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፣ ነገር ግን በበር ውስጥ ዝናብ በመስታወቱ ላይ እየወረደ ስለሚያልፍ፣ በደንብ ቀለም ካልተቀባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ የውጭውን ላሜራ ከውስጥ በኩል በአልኮል ጠርጌ፣ ከስፒከሩ ትይዩ ያለውን ክፍልና በጣት አንጓ ሲመታ እንደ ደወል የሚያስተጋባውን ቦታ ንዝረት በሚያበርድ ተለጣፊ የቡቲል ጎማ ንጣፍ ለጥፌ በሮለር ተጫንኩት። ላሜራውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የሚያስተጋባው መሐሉ ስለሆነ እዚያ ላይ የተለጠፈ አንድ ሰፊ ቁራጭ ድምፁን ከ«ድንን» ወደ «ዱብ» ይለውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የበሩን ክብደት ብቻ ነው። የውስጠኛውን ላሜራ ትልልቅ ቀዳዳዎችም በስስ የአሉሚኒየም ቁራጭና በቡቲል ዘጋሁ።

ይህን ከመሥራት በፊት ግን የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ማየት ግድ ነው። በአንዳንድ መኪኖች በር ውስጥ የጎን ግጭትን በአየር ግፊት ለውጥ የሚያውቅ የኤርባግ ሴንሰር አለ፤ የበሩን ቀዳዳዎች እንደፈለጉ መዝጋትና መክፈት ያ ሴንሰር የሚያነበውን ግፊት ሊለውጥ ይችላል። የእኔ በር ይህ ሴንሰር የለውም። በበሩ ግርጌ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ በማንኛውም መኪና ላይ ክፍት መቅረት አለባቸው፤ ከተዘጉ በሩ ውኃ ቋጥሮ ከውስጥ ይዝጋል።

ልባሱን ከመመለሴ በፊት፣ የመቆለፊያውን ቀጭን ዘንጎች በጨርቅ ናስትሮ ጠቀለልኳቸው፤ ልቅ የነበረውን የሽቦ እሽግም ከላሜራው ጋር አሰርኩት። ቴፑ ላይ ደግሞ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ከፊት ስፒከሮቹ የሚቆርጠውን ማጣሪያ ከፈትኩ። ባስ ፈልጌ ባስ መቁረጤ እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም ባለ 6.5 ኢንች ኮን ከዚያ በታች ያለውን ለማውጣት ሲታገል ከመጠን በላይ ስለሚወዛወዝ መካከለኛውንም ድምፅ ያበላሻል፣ የከበሮው ጡጫ ግን ከዚያ በላይ ነው ያለው። ቀጥሎ የሁለቱን ትዊተሮች ርቀት ከራሴ በሜትር ለካሁ፤ የግራው ወደ 85 ሴንቲሜትር፣ የቀኙ ወደ 130 ሴንቲሜትር ሆነ። ልዩነቱን 45 ሴንቲሜትር ድምፅ የሚጓዘው በ1.3 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ ቅርቡን በዚያው መጠን አዘገየሁት። ዘፋኟ ከመሪው ፊት ለፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ተቀመጠች፤ ከበሮውም በዚህ ጊዜ ደረት ላይ ይሰማ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በአንድ የባስ ኖታ ላይ፣ ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ፣ ከግራ በኩል ቀጭን መንቀጥቀጥ ይሰማል። አንድ ያላሰርኩት ዘንግ ቀርቷል ብዬ የግራውን በር ልባስ ለሦስተኛ ጊዜ ልፈታ መፈልቀቂያዬን ይዤ ስቀርብ፣ እህቴ በኋላ ወንበር ተቀምጣ ያንኑ ኖታ ደጋግማ ታጫውትልኝ ነበር። «ቆይ እስቲ፣ አትፍታው» አለችና እጇን ወደ ፊት ዘርግታ በምሰሶው ፕላስቲክ ላይ የተንጠለጠለውን የመቀመጫ ቀበቶዬን ዘለበት ያዘችው። መንቀጥቀጡ ቆመ።